የሃርደንን ልጆች ማን ሸጣቸው?

ሎሬታ ፕሩዊት ቨርሊን ስታምፐርን መጠርጠር የጀመረችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እንቁላል ገዝታ ስትመለስ አሮጌ ፒክአፑን ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለው ቁርስ ቤት ደጅ ቆሞ አየችው። አጠገቡ ደግሞ የዌልቦርን ቡድን ዓርማ የተለጠፈበት ነጭ መኪና አለ። በመስኮቱ ስታይ ቨርሊንና የእህቱ ባል ዴል ግንባር ለግንባር ሊጋጩ እስኪደርሱ ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል። ቨርሊን በእርሳስ ያሰምራል፣ ዴል ራሱን ይነቀንቃል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጇን አውለብልባላቸው ታልፍ ነበር። ግን በዋዜማው ዓርብ ማታ የከተማችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሃርደን ለሁለተኛ ጊዜ ተሸንፎ ነው የመጣው። ዴል ደግሞ የዌልቦርን ረዳት አሰልጣኝ ነው። ዌልቦርን ደግሞ የፊታችን ዓርብ ተጋጣሚያችን ነው።

«ሰው ከዘመዱ ጋር ቁርስ ቢበላ ምን አለበት?» አለች ለራሷ መኪናዋን እየነዳች። ሁለት መንገድ አልፋ ደግሞ፣ «ወረቀቱስ?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሎሬታ የመጨረሻ ልጅ ጀሬት የሃርደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳርተርባክ ነው፤ ኳሷ መጀመሪያ እሱ እጅ ነው የምትገባው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፤ ቤት የቀረው እሱ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ኮች ሃስኬል ደግሞ ዘንድሮ ቡድኑን በአንድ ብልሃት ነው የሚያጫውተው። ጀሬት ኳሷን ይቀበልና ሯጩ ሆድ ላይ ያስጠጋታል፤ ያስጠጋታል እንጂ ገና አልሰጠም። ዓይኑ ከተከላካዮቹ አንዱ ላይ ነው። ያ ሰው ሯጩን ልያዝ ብሎ ወደ ፊት ከመጣ፣ ጀሬት ኳሷን መልሶ ይወስድና ሰውየው ጥሎት በመጣው ባዶ ቦታ ይወረውራል። ሰውየው ውርወራውን ፈርቶ ወደ ኋላ ካለ ደግሞ ኳሷን ለሯጩ ይለቅለታል። ምስኪኑ ቢመጣም ተሳሳተ፣ ቢቀርም ተሳሳተ። ይኼ ሁሉ የሚሆነው አንድ ጊዜ ዓይን እስኪርገበገብ ነው።

ሎሬታ ይህን የምታውቀው ከወጥ ቤቷ ነው። ጀሬት በጋውን ሙሉ እሷን ተከላካይ አድርጎ ሲለማመድ ከርሟል።

«እማ፣ ወይ ወደ ፊት ነይ ወይ ወደ ኋላ ሂጂ። ግን አትንገሪኝ።»

«ድንቹ እያረረ ነው፣ ልጄ።»

«አንዴ ብቻ!»

እሷም ማንኪያዋን ይዛ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ትላለች። እሱ የፎጣ ጥቅልል ይወረውርባታል። ስንት ጊዜ ፎጣው ድስት ውስጥ እንደገባ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

የብልሃቱ ነፍስ ግን ያለችው የሚነበበው ሰው የትኛው እንደሆነ ባለመታወቁ ላይ ነው። ሕግ አለው። ሯጩ ከጀሬት በስተቀኝ ከቆመ የሚነበበው በግራ ያለው ተከላካይ ነው፤ ረጅሙ ተቀባይ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ከቆመ ደግሞ ተገላቢጦሽ። በዚህ ሕግ አምስት ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ።

«እማ፣ የማነበውን ሰው ያውቁታል» አላት ጀሬት ያን ቅዳሜ፣ ቁርሱን ሳይነካ። «ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ያስመስላል። መጣ ብዬ ስወረውር ተመልሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሦስቴ! ሦስቴ ቀሙኝ እኮ። አሁን ዓይኔን ማመን አቃተኝ።»

«ዓይንህ ምን ሆነ? ጌታ የሰጠህ ዓይን ነው።»

«ኮች ዓርብም እንዲህ ከሆነ ተቀያሪውን ትንሽ ልጅ ነው የማስገባው ብሏል።»

ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ ሎሬታ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ቀረችና በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ሕጉን የሚያውቅ ማነው? ኮች ሃስኬል፤ ሰው ራሱን አይሸጥም። ረዳቱ፤ እሱ የሃስኬል ወንድም ልጅ ነው። ጀሬት። እሷ ራሷ፤ እናት ልጇን! አንድ ጣት ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ሄልሜት የሚጠግን፣ ኳስ የሚለቅም፣ ልምምድ ላይ ከማንም አጠገብ የሚቆምና ማንም ልብ የማይለው ሰው። ቨርሊን።

ጥርጣሬ አንዴ ቤት ካገኘ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ሰኞ ሎሬታ ለልጆቹ ውሃ ይዛ ልምምድ ሜዳ ሄደች። ውሃውን አሥራ ሁለት እናቶች ማምጣት ይችሉ ነበር፤ እሷ የሄደችው ለማየት ነው። ቨርሊን ብርቱካንማ ቆቡን አንዴ ነካ። ቆይቶ ደግሞ ነካ። ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠ፣ ጻፈ፣ መለሰው።

ጠጋ አለችው። «ወንድም ቨርሊን፣ ቅዳሜ ቁርስ ቤት አየሁህ መሰለኝ።»

«ልታይኝ ትችያለሽ። እኔም ሆድ አለኝ እኮ።»

«ከዴል ጋር?»

«ከዴል ጋር። ምነው፣ ልትጋብዥን ነበር?» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ግን ደብተሩን ወደ ኪሱ ጠለቅ አድርጎ ሲከት አየች። ወይም ያየች መሰላት። ማክሰኞ ስለ ደብተሩ እያሰበች ዋለች። ሳህን ስታጥብ ደብተሩ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ስትገልጥ ደብተሩ።

ረቡዕ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም አለ። ሃያ ምናምን ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ የሚጸለይለትን ያቀርባል። የአንዱ ኩላሊት፣ የአንዷ የልጅ ልጅ። ተራው ሎሬታ ጋ ደረሰ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ እናገራለሁ ብላ አላሰበችም፤ ቢያንስ በኋላ ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነው።

«ስለ ልጆቻችን ቡድን ጸልዩ» አለች። «ስም አልጠራም። ግን በመካከላችን ሆኖ፣ ዝምድና ከታማኝነት የበለጠበት አንድ ወንድም አለ። ጌታ ልቡን እንዲነካው ጸልዩ።»

ሁሉም «ምስኪን!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እህት ኦፓል የምትባል፣ ወሬ ካልሰማች እንቅልፍ የማይወስዳት ጎረቤቷ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ቆይታ አንዱን ከፈተች። «ዴል እኮ የእህቱ ባል ነው» ስትል ሎሬታ በጆሮዋ ሰማች። አላረመቻትም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ኦፓል ደወለች።

«ሰማሽ? ኮች ቨርሊንን እስኪጣራ ድረስ እቤትህ ቆይ ብሎታል። ሠላሳ ሄልሜት ጠርጎ ደርድሮ፣ ቆቡን አድርጎ ወጣ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት እንግዲህ! ሰው አይታመንም።»

ሎሬታ ስልኩን ዘጋች። ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም። «ማስረጃ ባገኝለት ልቤ ያርፋል» አለች። ማስረጃ ደግሞ እጇ ላይ አለ። የቡድኑን ጨዋታ በቪዲዮ የምትቀርጸው እሷ ናት። ከጎል ምሰሶው ኋላ ካለው የእንጨት ማማ ላይ ብቻዋን ትወጣለች፤ እናቶቹ ኬክ ሸጠው በነሐሴ የገዟትን አዲስ ካሜራ ትተክላለች፣ ትቀርጻለች። ቅዳሜ ጠዋትም ቪዲዮውን ለሚቀጥለው ተጋጣሚ የምትልከው እሷ ናት። ደንብ ነው፤ የኛን እንሰጣለን፣ የነሱን እንቀበላለን። ማንም ማንንም ሳያይ አይገጥምም።

«ቆቡን ከሜዳው ዳር ሲነካካ እይዘዋለሁ» ብላ ባለፈው ዓርብ የቀረጸችውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በላፕቶፕ ከፈተች። ቨርሊን ጥግ ላይ ይታያል። ቆቡን ነካ፤ ጨዋታው ለኛ አልተበላሸም። አልነካም፤ ተበላሸ። እንደገና ነካ፤ ዝንብ ነው የሚያባርረው። ሎሬታ ደህና አድርጋ ለማየት ተጠጋችና ሳታውቀው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

የባንድ ከበሮ፤ ንፋስ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ልክ ጆሮዋ ሥር፤

«ጌታ ሆይ፣ አርባ ሰባትን አሳየው። አርባ ሰባትን ይይ፣ አባቴ።»

መጀመሪያ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ከአፍንጫዋ የምትናገር፣ ደርባባ ያልሆነች ሴት። ልጆቹ ተሰለፉ፣ ሯጩ በስተቀኝ ቆመ። በስተግራ ያለው የነሱ ተከላካይ ጀርባው ላይ አርባ ሰባት ይላል።

ቀጣዩ ጨዋታ። ረጅሙ ተቀባይ ወደ ውስጥ ጠጋ አለ። «አሁን ደግሞ ሃያ ሁለትን ነው። ኢየሱስ ሆይ፣ ሃያ ሁለትን እንዳይስት።»

ቀጣዩ። «አርባ ሰባት። አሳየው። ቁርጭምጭሚቱንም ጠብቅለት፣ እንዳያብጥበት።»

ሎሬታ ወንበሩን ይዛ ቆመች። ማማው ላይ ብቻዋን ናት፤ ብቻዋን ስትሆን አፏ ይጸልያል፤ አርባ ዓመት የለመደባት ነው። ካሜራዋ ጆሮ እንዳላት አላሰበችም። ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ከፈተች፤ ድምፅዋ አለ። ሌላውንም ከፈተች፤ አለ። የተጋጣሚዎቹን ስም ዝርዝር ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እያንዳንዱን ሰው በቁጥሩ እየጠራች፣ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት፣ ለሁሉም ታሰማለች። አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ላይገባው ይችላል። አርባ ጊዜ የሰማ አሰልጣኝ ግን ሕጉን በወረቀት ጽፎ ለልጆቹ ያድላል።

ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ስትቆጥር እኮ ራሷን ቆጥራ ነው ያለፈችው።

ኮች ሃስኬል በሜዳው ዳር ካለችው ቢሮው ቁጭ ብሎ ሳንድዊች ይበላ ነበር። ላፕቶፑን ፊቱ ከፈተችለት። አንዱን ሰማ። ሁለተኛውን ሰማ። ማኘኩን ተወ።

«አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ አልሰማህም?» አለችው።

«እትዬ ሎሬታ፣ እኔ ቪዲዮ በድምፅ አይቼ አላውቅም። የምናገረው እኔ ነኛ!» ስልኩን አንስቶ ባለፈው ዓርብ ላሸነፋቸው ለካነር ስፕሪንግስ አሰልጣኝ ደወለ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ፣ «ቪዲዮአችን ላይ...»

ሰውየው ሳያስጨርሰው ሳቀ፤ እስከ ሎሬታ ድረስ ተሰማ። «ሴትዮዋን ነው? እኛ እኮ የምታውቁ መስሎን ነበር! መጀመሪያ ሬዲዮ ተቀላቅሎበት ነው ብለን። እንዳልሰማሁ አልሆን፣ ጆሮ ሰጥቶኛል። እኔ የምልህ፣ የልጁ ቁርጭምጭሚት ዳነለት? ሚስቴ እየጸለየችለት ነው።»

ሃስኬል ስልኩን አስቀመጠ። ሎሬታ መሬት ብትውጣት በወደደች። እሱ ግን አሰልጣኝ ነው፤ ፊቱ ላይ ብልጠት ፈካ።

«ቆይ ቆይ። ክፉ አይደለም ይሄ። ዌልቦርኖችም ሰምተውሻል ማለት ነው። ነገ ሕጉን እንገለብጠዋለን፤ እነሱ ግራውን ሲያዘጋጁ ጀሬት ቀኙን ያነባል። ለሚቀጥለው ደግሞ አንቺ ማማው ላይ ሆነሽ የተሳሳተውን ቁጥር ትጠሪያለሽ።»

«ለጌታ?»

«ለጌታ አይደለም፣ ለካሜራዋ ነው።»

«ኮች፣ ሕጉን ገልብጥ፤ እሱ ያንተ ሥራ ነው። እኔ ጸሎት ላይ ቆሜ አልዋሽም። እስካሁን የሠራሁት ይበቃኛል።»

ሃስኬል ሳንድዊቹን አየት አደረገና ገፋው። «ቨርሊንን ምን ልበለው?»

«የምትለው አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።»

ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ቡድኑን እራት ያበላሉ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ልጅ የተጠበሰ ዶሮና ማካሮኒ ፊቱ ተደርድሮለት ቡራኬ ይጠብቃል። ፓስተሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሎሬታ ተነሳች። ረቡዕ የነበሩት በሙሉ አሉ። ሊኖር የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው የሌለው።

«ረቡዕ ስም አልጠራም ብዬ ነበር» አለች። «ግን ሁላችሁም ማንን እንደሆነ አውቃችኋል፤ እኔም እንድታውቁ ፈልጌ ነው። ቨርሊን ስታምፐር ምንም አላደረገም። ልጆቹን የሸጥኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።» ከዚያ የማማውን ነገር ነገረቻቸው፤ ቁጥሮቹን፣ ካሜራዋን፣ ካነር ስፕሪንግስን። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስትደርስ ልጆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች ኦፓል ከሰላጣው ኋላ፣ ሰው እንዲሰማት አድርጋ።

«ልክ ነሽ፣ እህት ኦፓል። ግን ማማሰያውን አንቺም ይዘሽልኝ ነበር።»

ኦፓል ሰላጣዋን ማገላበጥ ያዘች። ጀሬት ግን አልሳቀም። ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ፣ «እማ፣ ታዲያ ዓይኔ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ዓይንህ ደህና ነበር፣ ልጄ። የታመመው ምላሴ ነው።»

አንድ ሳህን ምግብ ልትይዝለት አሰበችና ተወችው። ሰውን ከገደሉ በኋላ ዶሮ ይዞ መሄድ ምን ይባላል? ባዶ እጇን ሄደች።

ቨርሊን ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ ግቢው ውስጥ ጣውላ በመጋዝ ይቆርጥ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ብቻውን ነው የሚኖረው። ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ተጋድመዋል፤ ሚስማሩ ሥር አንድ ወረቀት ተሰክቷል፤ መስመር መስመር የተሰመረበት፣ አንደኛው ጫፉ ከፍ ብሎ ወደ ታች የሚንሸራተት ነገር። እናቱ ዌልቦርን እህቱ ዘንድ ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ደጃፉን መውጣት አቅቷቸዋል። ቅዳሜ ከዴል ጋር ያጎነበሰበት ወረቀት የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ንድፍ መሆኑን ለመረዳት ሎሬታ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሁሉንም ነገረችው፣ ምንም ሳታስቀር። እሱ መጋዙን ሳያቆም ሰማት።

«ስሜን አልጠራሽም አሉ» አለ በመጨረሻ።

«አልጠራሁም።»

«ብትጠሪኝ ይሻል ነበር። እነሳና መልስ እሰጥ ነበር። ስም የሌለው ሰው በምን አፉ ይመልስ?»

«አዳራሽ ውስጥ በስምህ ተናግሬያለሁ። ረቡዕ የሰሙት ሁሉ ዛሬም ሰምተዋል።»

«ሁሉም አይደሉም። እህቴ ዛሬ ጠዋት ደውላ አለቀሰች። ከናንተ አንዷ ነግራታለች። ዴልን ዌልቦርን ውስጥ ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ? ዘመዱን አሰልሎ ነው የሚያሸንፈው ነው ያሉት። አሥራ ሁለት ዓመት ያሰለጠነበት ከተማ።»

ሎሬታ ዴልን ከነጭራሹ አላሰበችውም። አንድ ሰው ብቻ የበደለች መስሏት ነበር።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድም ቨርሊን።»

«እሱን ጌታ ያስችለኛል፣ ቀስ ብሎ» አለና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቁጥሩን ነክቶ ዘረጋላት። «አሁን ለእህቴ ንገሪያት። እኔ እዚህ ቆሜ።»

ጠራ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ቨርሊንዬ? በላህ?» አለች ሴትዮዋ።

«ቨርሊን አይደለሁም። ሎሬታ ፕሩዊት ነኝ፣ ከሃርደን።»

ከሴትዮዋ ኋላ የአሮጊት ድምፅ፣ «ማነው?» ይላል።

«ስለ ወንድምሽና ስለ ባለቤትሽ ያወራሁት ውሸት ነው» አለች ሎሬታ። «ምንም አላየሁም። ቁርስ ሲበሉ ነው ያየሁት።»

ሴትዮዋ ረጋ ብላ፣ «ቆይ፣ ድምፁን ከፍ ላድርገው። እማዬም ትስማ፣ ዴልም ይምጣ። ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለች።

ሎሬታ ከመጀመሪያው ጀመረች። እንቁላል ለመግዛት ከወጣችበት። ቨርሊን መጋዙን ጣውላው ላይ አስቀምጦ አንድ ቃል እንዳትዘል ሲያዳምጣት ቆየ። የጸሎቱ ፕሮግራም ጋ ስትደርስ ያኔ ያለችውን ቃል በቃል ደገመችው። ስትጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ያቺን ትንሽ ደብተር ከኪሱ አወጣ፤ የልጆቹ ስምና የሄልሜት ጥገና ዝርዝር ነው።

«የስንቱ ልጅ ሄልሜት ማሰሪያው ላልቷል» አለ፣ ለሷ ይሁን ለራሱ አልለየም። «ነገ ዌልቦርን ነው። ማን ሊያጠብቅላቸው ኖሯል?»

ደህና ሁኚም፣ ነይ ላድርስሽም አላላት። ፒክአፑን አስነስቶ ወደ ሜዳው ነዳ። ሎሬታ ስልኩን እንደያዘችበት ግቢው ውስጥ ቆማ ቀረች፤ ከውስጡ አሮጊቷ እናቱ፣ «አንቺ ልጅ፣ አለሽ? እኔ ደግሞ የምጠይቅሽ አለኝ» እያሉ ነበር።